በጂራ ላይ ኤፒኮቻችን አያልቁም፤ ትልቁን ግብና የዕለት ሥራውን እንዴት ትለያላችሁ?

የመጋዘን ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት የክምችትና የሽያጭ ሥርዓት የምንሠራ አነስተኛ ቡድን ነን፦ አራት ፕሮግራመሮች፣ አንዲት ፈታሽ፣ አንድ ዲዛይነር፣ እኔ ደግሞ አስተባባሪ። ሥራችንን የምንመዘግበው ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ነው። እስከ 10 ሰው ድረስ ነፃ ስለሆነ ለእኛ ይበቃናል።

ቦርዱን ያዋቀረው ከእኔ በፊት የነበረው አስተባባሪ ነው። ስድስት ኤፒኮች (በሥራቸው ብዙ ትናንሽ ሥራዎች የሚገቡባቸው ትልልቅ ሥራዎች) ከፍቶ ሄዷል፦ «ሞባይል»፣ «ሪፖርት»፣ «ሰርቨር»፣ «ክፍያ»፣ «ዲዛይን» እና «ልዩ ልዩ»። አዲስ ሥራ ሲመጣ ከስድስቱ በአንዱ ሥር ይገባል። ለሚያየው ሰው ሁሉም ነገር በየቦታው የተቀመጠ ይመስላል። ነገር ግን ከስድስቱ አንዱም ተዘግቶ አያውቅም። «ሪፖርት» ሥር ያሉትን ሥራዎች ስንጨርስ ሌሎች ይገቡበታል፤ አረንጓዴው የሂደት መስመር ወደፊት ሄደ ስንል ተመልሶ ያጥራል።

የደንበኛችን ኃላፊ በየስብሰባው «የት ደረሳችሁ?» ይሉኛል፤ እኔም የተዘጉትን ሥራዎች ብዛት እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን «ብዛቱን ተወውና፣ ዋናው ቅርንጫፍ ቢን ካርድ መጻፍ የሚያቆመው መቼ ነው?» አሉኝ፤ መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ ማለታቸው ነው። ጂራውን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ብመለከተው የዚህ መልስ የለበትም።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ንዑስ ሥራ (በአንድ ሥራ ውስጥ የሚከፈት ትንሽ ሥራ) መክፈት ያለብን መቼ ነው? አንዱ ፕሮግራመራችን ለሁሉም ነገር ይከፍታል፣ ሌላው ጨርሶ አይከፍትም። ሁለተኛ፣ ውላችን በእኛ በጀት ዓመት ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ በፈረንጆች ቀን ይሄዳል። የሩብ ዓመት ግቦችን እንዴት ታስቀምጣላችሁ?

ቀላሉ ይሻላል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

ለሰባት ሰው ጂራ ምን ያደርጋል? ትሬሎ ላይ አንድ ቦርድ ክፈቱ፤ «ሊሠራ»፣ «እየተሠራ»፣ «ያለቀ» የሚሉ ሦስት ዝርዝሮች ይኑሩት፤ ካርዱን ከግራ ወደ ቀኝ ጎትቱ። አለቀ።

ቀይ እስክሪብቶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

የመጋዘን ልጅ፣ ስድስቱ ኤፒኮች ኤፒክ አይደሉም፤ መሳቢያ ናቸው። መሳቢያ ደግሞ ይሞላል እንጂ አያልቅም። ቡድናችሁ ሰነፍ ስለሆነ ወይም ሥራው ስለበዛ አይደለም፤ «ሪፖርት» የሚባል ነገር የሚያልቅበት ቀን በዓለም ላይ የለም።

ነገሩ የሚበላሸው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ጂራ አንድ ሥራ ከሁለት ኤፒኮች ሥር እንዲገባ አይፈቅድም፤ ወላጁ አንድ ብቻ ነው። እናንተ ያችን አንዲት ቦታ «ይህ ሥራ የየትኛው ክፍል ነው?» ለሚል ጥያቄ ሰጥታችኋታል። ስለዚህ «ይህ ሥራ የሚሠራው ምን እንዲሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ ማረፊያ አጣ። ኃላፊው የጠየቁህ ሁለተኛውን ነው፤ ጂራህ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው።

ክፍሉን ማወቅ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ያስፈልጋል፤ የሰርቨሩ ሰው የሰርቨር ሥራዎችን ለይቶ ማየት አለበት። ለዚያ ግን ኮምፖነንትና ሌብል የሚባሉ፣ በሥራው ላይ የሚለጠፉ መለያዎች አሉ። ሁለቱም ከአንድ በላይ ይቀበላሉ፤ አንድ ሥራ «ሞባይል»ም «ክፍያ»ም ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይጣላበትም። ስድስቱን ስሞች ወደዚያ አውርዷቸው። «ልዩ ልዩ»ን ግን ወደ የትም አታውርዱት፣ አጥፉት።

ከዚያ ኤፒክ ከመክፈታችሁ በፊት የሚዘጋበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «የዋናው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ገቢና ወጪን በስልክ ብቻ ይመዘግባሉ፤ ቢን ካርድ አይጻፍም።» ይህ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ማንም ሰው ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ፣ መደርደሪያው ላይ ካርድ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ዓይቶ ሊፈርድ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ማሻሻል»፣ «ማጠናከር»፣ «ማዘመን» የሚል ቃል ከገባ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳለሁ። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከአንድ ሩብ ዓመት የሚያልፍ መስሎ ከታየህ ለሁለት ክፈለው። ከኤፒክ በላይ ሌላ ደረጃ መጨመር የሚቻለው በፕሪሚየሙ አገልግሎት ነው፤ ሰባት ሰው ግን ያ ደረጃ አያስፈልገውም። የዓመቱን ግብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ስለ ንዑስ ሥራ፣ ጂራ ንዑስ ሥራን ከወላጁ ነጥሎ ወደ ሌላ ስፕሪንት (ቡድኑ በአንድ ጊዜ የሚያቅደው አጭር የሥራ ዙር) አያስገባም። ደንቡ ከዚያ ይወጣል፦ ከወላጁ ጋር በአንድ ስፕሪንት ውስጥ አብሮ የማያልቅ ነገር ንዑስ ሥራ አይሁን። ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ በኤፒኩ ሥር ይግባ። የመጀመሪያው ፕሮግራመርህ ንዑስ ሥራን ማስታወሻ ደብተር አድርጎታል ማለት ነው። ለማስታወሻ በመግለጫው ውስጥ ዝርዝር መጻፍ ይበቃል።

ዘይቱና ከጅማ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ለማስታወስ ያህል፣ ስክረም የሚባለው የቡድን አሠራር መመሪያ በሆነው በስክረም ጋይድ ውስጥ ኤፒክ የሚባል ነገር የለም። በ2020 እትም የገባው «የምርት ግብ» ነው። ብዙ ሰው ኤፒክን የስክረም ሕግ አድርጎ ያየዋል፤ ቃሉ የመጣው ግን ከሌላ ልማድ ነው፣ ሶፍትዌሮቹም አስፋፉት።

ቀይ እስክሪብቶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44

ልክ ነሽ። ሕግ ስላልሆነም ነው እንደፈለግን የምናበላሸው።

ሰብለ ፈታሿ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ቀይ እስክሪብቶ ያለው ይስማማኛል፤ አንድ ነገር ግን አልነካም፤ የስህተት ሪፖርቶች የት ይግቡ? እኔ በምሠራበት ቤት ይህ ባለመወሰኑ ኤፒኮቹ ሁሉ ሳይዘጉ ይከርሙ ነበር። ግቡ ከተሳካ በኋላ እንኳ አንድ ተጠቃሚ የሆነ ስህተት ያገኛል፤ ፕሮግራመሩ በዚያው ኤፒክ ሥር ይከተዋል፤ የተዘጋው እንደገና ይከፈታል።

አሁን የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው። የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር እውነት እንዳይሆን የሚከለክል ስህተት ከሆነ በኤፒኩ ሥር ይገባል። የማይከለክል ከሆነ ያለ ወላጅ ለብቻው ይቆማል፤ ኮምፖነንቱ ብቻ ይጻፍለታል። ኤፒኩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ስህተት ምንም ይሁን ምን ለብቻው ነው። የተዘጋ ኤፒክ አይከፈትም። ያለ ወላጅ የሚቆም ሥራ ማየት የሚያስጨንቃቸው አስተባባሪዎች አሉ፤ ሁሉም ነገር አባት ይኑረው ይላሉ። «ልዩ ልዩ» የሚባለው ኤፒክ የሚወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው።

የመጋዘን ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከቡድኑ ጋር ተቀምጠን የመጀመሪያውን ሞክረነዋል። ግቡ፦ «ዋናው ቅርንጫፍ እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ቢን ካርድ መጻፍ ያቆማል።» በሥሩ ያስገባናቸው ሥራዎች እነዚህ ናቸው፦ የዳታቤዝ ሰንጠረዦችን ማዘጋጀት፣ ኤፒአይ (ስልኩንና ሰርቨሩን የሚያገናኘውን ክፍል) መሥራት፣ የስልኩን ገጾች መሥራት፣ የባርኮድ ንባብ፣ ሙከራ፣ ሥልጠና። እንዴት ታዩታላችሁ? ቀይ እስክሪብቶ እንዳይራራ።

ቀይ እስክሪብቶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ግቡ ጥሩ ነው። ሥራዎቹ ግን በሠራተኞቻችሁ ወንበር የተከፋፈሉ ናቸው፦ አንዱ ለዳታቤዙ ሰው፣ አንዱ ለኤፒአዩ ሰው፣ አንዱ ለስልኩ ሰው። በዚህ አከፋፈል አራተኛው እስኪያልቅ ድረስ ለቅርንጫፉ የሚታይ ነገር የለም። ዳታቤዙ አለቀ ብለህ ለኃላፊው ብትነግራቸው ምን ያደርጉበታል?

መጋዘኗ ውስጥ የምትሠራውን ሴት አስባትና፣ ከእርሷ እጅ ተነስተህ ክፈለው፦

አንድ ካርቶን ሲገባ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ትመዘግባለች።
መድኃኒት ሲወጣ ሥርዓቱ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውን ባች ያሳያታል።
ቆጠራው ከመዝገቡ ሲለይ ምክንያቱን ጽፋ ታስተካክላለች።
ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የመዘገበችው፣ ሲመለስ ራሱ ይላካል።
ዛሬ በካርዱ ላይ ያለው ቀሪ ወደ ሥርዓቱ ይገባል።

እያንዳንዱ ሥራ ዳታቤዙንም ኤፒአዩንም ገጹንም በትንሹ ይነካል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ስልኩን ይዘህ ሄደህ አንድ ካርቶን ታስመዘግባታለህ። በሁለተኛው ሳምንት የምታሳየው ነገር አለህ ማለት ነው።

አምስተኛዋን ደግሞ ልብ በልልኝ፤ በዝርዝራችሁ ውስጥ ጨርሶ አልነበረችም። ኮድ አይደለችምና ፕሮግራመር አያያትም። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ያሉት ካርዶች ቀሪያቸው ተቆጥሮ ካልገባ ሠራተኞቹ በስልክም በካርድም ይጽፋሉ እንጂ ካርዱን አይተዉም። ምናልባት አንድ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቆጠራ ይፈልጋል፤ ከደንበኛው ጋር ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ከግብ ተነስቶ መከፋፈል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከወንበር ስትነሳ ወንበር የሌለው ሥራ ይጠፋል።

ሰብለ ፈታሿ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

በመጀመሪያዋ ሥራ ላይ ከፈታሽ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር፤ ንዑስ ሥራና ዝርዝር መግለጫ የቱ ጋ እንደሚለያዩም ያሳያል።

ብዙ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ በወርና በዓመት ብቻ ይጻፋል፤ 06/2026 ተብሎ። ይህ ማለት መድኃኒቱ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ እስከ ጁን 30 ድረስ ያገለግላል ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ፕሮግራመሩ ግን ቀን የሚፈልግ ሳጥን ሲያጋጥመው ሳያስበው የወሩን የመጀመሪያ ቀን ያስገባል። ያኔ ግንቦት 24 ላይ ሥርዓቱ መድኃኒቱን «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ከሽያጭ ያወጣዋል። ደኅና መድኃኒት አንድ ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ይህ የት ይጻፍ? አንዳንዱ «የወር መጨረሻን ማስተካከል» ብሎ ንዑስ ሥራ ይከፍትለታል። እኔ አልስማማም። ይህ ሥራው በትክክል አለቀ የሚባልበት መስፈርት ነው፤ ስለዚህ በዋናው ሥራ መግለጫ ውስጥ «06/2026 ሲገባ መድኃኒቱ ጁን 30 ይሸጣል፣ ጁላይ 1 አይሸጥም» ተብሎ ይጻፍ። ንዑስ ሥራ ካደረጋችሁት አንድ ሰው «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ያስተላልፈዋል፣ ዋናው ሥራም ያለ እርሱ ይዘጋል። መስፈርት ከሆነ ግን እኔ አላሳልፈውም።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጆቼ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንገድና በሕንፃ ሥራ ነው። የምታወሩት ግን አዲስ አልሆነብኝም። ኃላፊው «የት ደረሳችሁ?» ሲሉ የሥራዎችን ብዛት መንገር በእኛ ሙያ ያሳፍራል። መቶ ሥራዎች ተዘርዝረው ዘጠናው ቢያልቁ ዘጠና በመቶ አይባልም፤ የቀረው አሥሩ የጣሪያው ኮንክሪት ሊሆን ይችላልና። እኛ የምንከፈለው በተለካ ሥራ ነበር፤ ስንት ሜትር ኪዩብ ተቆፈረ፣ ስንት ተሞላ ተብሎ በክፍያ ሰርተፊኬት ላይ ይሰፍራል። ለእያንዳንዱ ሥራ ክብደት ስጡ፤ መቶኛውን ከክብደቱ አስሉ።

ባለ ሬድማይን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡18

ጋሼ ያሉት ነገር በሬድማይን ውስጥ አለ። የወላጅ ሥራው የመጠናቀቅ መቶኛ ከንዑስ ሥራዎቹ ይሰላል፤ የተገመተ ሰዓት ከተሞላ በሰዓቱ ይመዘናል። ካልፈለጋችሁት በቅንብሩ ልታጠፉት ትችላላችሁ። ለትላልቅ ግቦች ደግሞ «ቨርዥን» አለ፤ የመንገድ ካርታው ገጽ እያንዳንዱ ቨርዥን ምን ያህል እንደተጓዘና ምን እንደቀረው ያሳያል። ሬድማይን ከ2006 ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ በራስህ ሰርቨር ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ የዶላር ክፍያም አይጠየቅበትም። መልኩ አያምርም፤ እሱን አልከራከርም።

ጊትሃብ ብቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

የጊትሃብ ማይልስቶን (የግብ መከታተያው) በተቃራኒው የሚቆጥረው ብዛት ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው የተዘጋው ስንት እንደሆነ። ትንሿም ትልቋም እኩል ናቸው። ንዑስ ጉዳዮችን እስከ ስምንት ደረጃ መደራረብ ይቻላል፤ ይህን የሰማ አንድ ባልደረባዬ ስምንቱንም ሊሞላ ተነስቶ ነበር።

የዕቅድ ክፍሉ ሰው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጡረተኛው መሐንዲስ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በክብደቱ ነገር አልስማማም። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነኝ። ዓላማ፣ ግብ፣ ዋና ተግባር፣ ዝርዝር ተግባር፣ ለሁሉም ክብደት፣ በየሩብ ዓመቱ አፈጻጸም በመቶኛ፤ ይህንን ቅጽ በእንቅልፌም እሞላዋለሁ። የእርስዎ ኮንክሪት የሚለካው በሜትር ነው፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መጥቶ ይለካዋል። የቢሮ ሥራ ክብደት ግን የሚሰጠው ራሱ ሪፖርት አቅራቢው ነው። ያኔ ስብሰባ ማካሄድ ከባድ ክብደት ያገኛል፣ አስቸጋሪው ሥራ ቀላል ክብደት ያገኛል፤ በዓመቱ መጨረሻ አፈጻጸሙ ከዘጠና በላይ ሆኖ ይወጣል፣ ባለጉዳዩ ግን በር ላይ እንደቆመ ነው። ሶፍትዌር የሚሠሩት ልጆችም ሰዓቱን የሚገምቱት ራሳቸው ናቸው፤ ከእኛ የሚለያቸው ነገር አይታየኝም።

የበጀት ዓመቱን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው እኔ ልመልስ። የ2018 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ነው። የሩብ ዓመቶቹ ማብቂያዎች በፈረንጆቹ እነዚህ ናቸው፦ መስከረም 30 ማለት ኦክቶበር 10፣ ታኅሣሥ 30 ማለት ጃንዋሪ 8፣ መጋቢት 30 ማለት ኤፕሪል 8፣ ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7። የሶፍትዌሩን «ሩብ ዓመት» አትጠቀሙበት፤ የእሱ የመጨረሻ ሩብ ዲሴምበር 31 ላይ ሲዘጋ የእናንተ ሁለተኛ ሩብ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ደግሞ ገና አለ።

የመጋዘን ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡35

ጋሼ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጂራ ላይ ቨርዥን ስንከፍት የመጀመሪያና የመልቀቂያ ቀን ራሳችን መሙላት እንችላለን፤ ስለዚህ «2018 ሁለተኛ ሩብ» የሚል ቨርዥን ከፍቼ ከኦክቶበር 11 እስከ ጃንዋሪ 8 አስቀመጥኩት። በታኅሣሥ 30 ይጠናቀቃል ያልነውን ኤፒክም በዚያው ሥር አስገባሁት። ለደንበኛው የማሳየው ገጽ ላይ በአማርኛ «ሁለተኛ ሩብ» ይላል፤ ኃላፊው ቀን መቀየር አይጠበቅባቸውም።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

የዕቅድ ክፍሉ ሰው፣ ያልከው እውነት ነው። ተቆጣጣሪ የሌለበት ክብደት ዋጋ የለውም። እኔ ግን አሁንም አንድ ቁጥር እፈልጋለሁ። ኃላፊው ለቦርዳቸው የሚያቀርቡት ቁጥር ካልሰጠሃቸው ራሳቸው ይፈጥራሉ፤ እነሱ የፈጠሩት ደግሞ ካንተ የባሰ ይሆናል። በዚህ ከእኔ በላይ የቆሰለ የለም።

ቀይ እስክሪብቶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ ቁጥር የግድ ከሆነ የተዘጉ ግቦችን ቁጥር ይስጧቸው፤ «ለሩብ ዓመቱ ከተያዙት አራት ግቦች አንዱ ተሳክቷል፣ ሁለቱ በመንገድ ላይ ናቸው፣ አንዱ አደጋ ላይ ነው» ይባል። አደጋ ላይ ያለው ለምን አደጋ ላይ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ስድሳ ሦስት በመቶ ከማለት ያነሰ ይመስላል፤ ኃላፊው ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁበታል። ለምሳሌ የቢን ካርዱ ግብ አደጋ ላይ የወደቀው የቆጠራው ቅዳሜና እሑድ ስላልተያዘ ከሆነ፣ ስልክ ደውለው ቀኑን የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው። ስድሳ ሦስት በመቶ ማንንም ስልክ አያስነሳም።

ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመጨረሻው ሥራ ሲዘጋ ጂራ ኤፒኩን በራሱ አይዘጋውም፤ አውቶሜሽን ካላዘዛችሁት በቀር። እኔ አታዝዙት እላለሁ። ሥራዎቹ ሁሉ አልቀው ግቡ ያልተሳካበት ጊዜ ብዙ ነው። ኤፒክ የሚዘጋው ሰው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ፣ ቅርንጫፉን ዓይቶ፣ በእጁ ይሁን።

ቀላሉ ይሻላል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኳችሁ። አንድም ሥራ ሳይሠራ ስለ ሥራ አቀማመጥ ይህን ያህል ከተጻፈ ምኑን ቀለለ? ቀይ እስክሪብቶ ካለው ውስጥ ጠቃሚው «የሚዘጋበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ጂራ አይፈልግም። በትሬሎ ላይ ግቡን ካርድ አድርጌ፣ በውስጡ ቼክሊስት ብከፍት ያው ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

ለአምስት ሥራዎችና ለሁለት ሰዎች ያው ነው፤ አልከራከርህም። ቼክሊስቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ውይይት፣ የራሱ ስህተት ሲኖረው ግን አንድ መስመር አይበቃውም፤ ካርድ መሆን አለበት። ካርድ ሲሆን ደግሞ ከግቡ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ትፈልጋለህ። ያኔ ወደ ጂራ ትመጣለህ። እንደውም ከ2017 ጀምሮ ትሬሎም ጂራም የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ የትም ብትሄድ እዚያው ነህ።

ቀላሉ ይሻላል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

እሺ፣ ለዛሬ ተረትተናል። ነገ እንገናኝ።

የመጋዘን ልጅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40

ዛሬ የደረስንበትን ልንገራችሁ። አምስቱን ስሞች ኮምፖነንት አደረግናቸው፤ «ልዩ ልዩ» ጠፍቷል። ለሁለተኛው ሩብ አራት ግቦች ጻፍን፤ ከመካከላቸው አንዱ «በቴሌብር የተከፈለ ሽያጭ በዕለቱ ሂሳብ ላይ በእጅ ሳይገባ ይታያል» የሚል ነው። ዲዛይነራችን «የእኔ ሥራ የት ሄደ?» ብሎ ነበር፤ በአራቱም ውስጥ ተበትኖ ሲያገኘው መጀመሪያ ቅር አለው፣ ኋላ ላይ ግን ማን ገጹን እንደሚጠብቀው ስላወቀ ተስማማ።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ከአራቱ ግቦች በአንዱም ሥር የማይገቡ፣ ከድሮ ኤፒኮች የተረፉ ከመቶ በላይ ክፍት ሥራዎች አሉ። ጥቂቶቹን ማን እንደጻፋቸው እንኳ አናውቅም። ምን እናድርጋቸው?

ቀይ እስክሪብቶ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡15

ዝጓቸው። ሁሉንም፣ በአንድ ጊዜ፣ በጅምላ ማስተካከያው። የሚያስፈልገው ተመልሶ ይመጣል።

ሰብለ ፈታሿ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00

ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በአንዳንዶቹ ውስጥ ደንበኛው አንድ ጊዜ ያመለከተው፣ መልስ የሚጠብቅበት አቤቱታ ይኖራል። ሳይነገረው ከተዘጋ ሰውየው ሁለተኛ አያመለክትም፤ ዝም ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ከደንበኛው የመጡትን ለዩ። በጂራ የጻፈው ሰው ስም ስለሚታይ ማጣሪያው አስቸጋሪ አይሆንም። እነሱን አንብባችሁ «አንሠራውም» ወይም «በዚህ ሩብ አይደለም» ብላችሁ መልስ ጻፉባቸው። እኛው ለራሳችን የጻፍናቸውን ግን እንደ ቀይ እስክሪብቶ ምክር በጅምላ ዝጉ፤ «ከድሮው» የሚል ሌብል ይኑራቸው፣ በኋላ ላይ ለመፈለግ ይመቻል።

ቀይ እስክሪብቶ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡08

ተቀብያለሁ።

ዘይቱና ከጅማ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

የዕቅድ ክፍሉን ሰው አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እነዚህን አራት ቀኖች አንድ ጊዜ መዝግበን በየዓመቱ ልንጠቀምባቸው እንችላለን? ወይስ ይለዋወጣሉ?

የዕቅድ ክፍሉ ሰው
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ለ2018 እና ለ2019 በጀት ዓመት ያው ናቸው። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለሆነች ግን የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ስለዚህ በ2020 በጀት ዓመት የመጀመሪያው ሩብ ኦክቶበር 11፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ 9 ላይ ያበቃል። ሦስተኛውና አራተኛው አይነኩም፤ በ2028 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሚኖራት ልዩነቱን መልሳ ታስተካክለዋለች፣ መጋቢት 30 ያው ኤፕሪል 8 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ የምትቀይሩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የሚቀጥሉት ሩብ ዓመቶች የሚጀምሩበትን ቀንም አብራችሁ አንድ ቀን ግፉት።